የመጨረሻዋን ቁራጭ ለሌላ እጅ የተዉት የአቶ ወንዳፍራሽ ሙላው የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንዳፍራሽ ሙላው ከአባታቸው ከአቶ ሙላው ቢሻውና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺእመቤት ተሰማ ሐምሌ 19 ቀን 1945 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸው ለጣቢያው ቅርብ ስለነበር ባቡር በገባ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጩ ነበር፤ እናታቸውም አንዱን ከአንዱ በጨርቅ ለይተው ያስቀምጧቸው ነበር። አቶ ወንዳፍራሽ ዕቃ በጥንቃቄ መያዝን ከማን እንደተማሩ ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ ይኸው የእናታቸው ጨርቅ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ድሬዳዋ ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በሒሳብ ጎበዝ ስለነበሩ አባታቸው ምድር ባቡር ቢሮ ሊያስገቧቸው አስበው ነበር። እሳቸው ግን ጂቫን በተባሉ የሕንድ ተወላጅ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠሩ። አባታቸው ለጥቂት ጊዜ አኩርፈው ነበር ይባላል። ልጃቸው ጠግነው ያመጡላቸውን የምላጭ ማስቀመጫ ካዩ በኋላ ግን ኩርፊያው ቀረ።

ጂቫን ዘንድ ለጥገና ይመጡ ከነበሩት ዕቃዎች ሁሉ አቶ ወንዳፍራሽን የማረኳቸው የሕንድ የጌጥ ሣጥኖች ነበሩ። በመርከብና በባቡር የመጡ፣ ከእናት ለልጅ የሚተላለፉ፣ የሙሽራ ወርቅና አምባር የሚቀመጥባቸው ያረጁ ትንንሽ ሣጥኖች ነበሩ። እንጨቱ በጥቃቅኑ ተቦርቡሮ በውስጡ ነጭ አጥንትና ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት ይገጠምበታል፤ አበባው፣ ቅጠሉ፣ ሐረጉ ሁሉ በዚህ መልክ ይሠራል። ማዕዘኖቹ፣ ማጠፊያዎቹና የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ በብር ይለበጣሉ። አቶ ወንዳፍራሽ ብሩን ሳይጎዱ መንቀልን፣ የጎደለውን ቅጠል ከአጥንት መቅረጽንና ሙጫ ማሞቅን ከጂቫን ተማሩ።

ጂቫን አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው። ሣጥኑን የጠገነ ሰው የመጨረሻዋን ቁራጭ በራሱ እጅ አይገጥማትም፤ ሌላ እጅ ይገጥማታል። ብዙውን ጊዜ የሣጥኑ ባለቤት ይጠራና፣ ሙጫው ሳይቀዘቅዝ፣ ያችን አንዲት ቁራጭ ቦታዋ ላይ አኑሮ በአውራ ጣቱ ይጫናታል። አቶ ወንዳፍራሽ ምክንያቱን ሲጠይቁ ጂቫን በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «እኔ ከጨረስኩ ሣጥን የኔ ሆነ ማለት ነው። የኔ አይደለም» ብለው መለሱላቸው።

በ1968 ዓ.ም. ጂቫን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሕንድ ሊመለሱ ሲሉ፣ በእጃቸው የነበረውን ሣጥን ጨረሱና ባለቤቱን ሳይጠሩ ቀሩ። «ዛሬ አንተ» ብለው ቁራጯን ለአቶ ወንዳፍራሽ ሰጧቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ባለሙያ የሆኑት በዚያች ቀን እንደሆነ ይቆጥሩት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የመጨረሻ ቁራጭ በእጃቸው ገጥመው አያውቁም።

አቶ ወንዳፍራሽ በወጣትነታቸው ጌታን ተቀብለው በድሬዳዋ በቤት ለቤት ጸሎት ያገለግሉ ነበር። በዚያው ኅብረት ውስጥ ከተዋወቋቸው፣ በነርስነት ይሠሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ኤልፍነሽ ደምሴ ጋር በ1974 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጸሙ። እግዚአብሔርም በረከትንና ኤልዳናን ሰጣቸው። ጂቫን ከሄዱ በኋላ ሣጥን የሚያመጣ ሰው ስላልነበረ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን እየሠሩ ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ።

እ.ኤ.አ. በ1996፣ አትላንታ ኦሎምፒክ ባስተናገደችበት ክረምት፣ ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ አሜሪካ መጡ። መጀመሪያ ያረፉት አትላንታ አጠገብ ባለችው ቻምብሊ፣ ቢዩፎርድ ሀይዌይ ላይ ባለ አፓርታማ ነበር። አቶ ወንዳፍራሽ ዱሉዝ በሚገኝ የቤት ዕቃ መጋዘን፣ ወ/ሮ ኤልፍነሽ ደግሞ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ጀመሩ።

አንድ ቀን አቶ ወንዳፍራሽ ከባቡር ጣቢያው ወደ ቤት በእግራቸው ሲመጡ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ መስኮት ላይ አንድ የሕንድ የጌጥ ሣጥን አዩ። ክዳኑ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ቅጠል ረግፎ፣ አንዱ የብር ማዕዘን ተገንጥሎ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤት ሲደርሱ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ወ/ሮ ኤልፍነሽ ሰው የሞተባቸው መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሰው አሜሪካ መጥቶ ፎቅ ያያል። የኔ ባል ሣጥን አይቶ ያለቅሳል» አሉ።

በማግሥቱ አቶ ወንዳፍራሽ ወደ ሱቁ ተመልሰው፣ በነበራቸው እንግሊዝኛና በእጃቸው ምልክት፣ መጠገን እንደሚችሉ ለሱቁ ባለቤት አስረዷት። እሷም ለሙከራ ሌላ ሣጥን ሰጠቻቸው። ያንን በጥሩ ሁኔታ ሲመልሱላት የሱቋን የጥገና ሥራ ሁሉ ለሳቸው አደረገችው፤ ያንን የተሰበረውንም ማንም አይገዛውም ብላ በስጦታ ሰጠቻቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ሣጥኑን ለወ/ሮ ኤልፍነሽ አምጥተው፣ «ይሄ ያንቺ ነው። ቆንጆ አድርጌ እሠራልሻለሁ» ብለው ቃል ገቡ። የሌላ ሰው ሥራ እየቀደመ ግን ያ ሣጥን በፎጣ እንደተጠቀለለ ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ኖረ። ወ/ሮ ኤልፍነሽም ማን እንግዳ ቢመጣ ሳይናገሩ አያልፉም ነበር። «የጆርጂያን ሣጥን ሁሉ ጠግኗል፣ የኔው ነው ተራ ያልደረሰው።»

በአሜሪካ አንዳንዶቹ አሮጌ ሣጥኖች የተሠሩበትን የዝሆን ጥርስ መሸጥና መግዛት በሕግ የተገደበ ስለሆነ አቶ ወንዳፍራሽ ለሥራቸው የሚጠቀሙት የበሬ ቅልጥም ነበር። ወዳጃቸው አቶ ዑመር ከሥጋ ቤታቸው ያስቀምጡላቸዋል፤ እሳቸውም ስቡ እስኪለቅ በሳሙና ውሃ ይቀቅሉታል። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የጸሎት ኅብረቱ አባላት ወደ አፓርታማው ሲመጡ ትልቁ ድስት እየፈላ ነበር። ሁሉም ቅቅል መስሏቸው ጸሎቱ ካለቀ በኋላም አልነሳ አሉ። ዛሬም በመካከላችን የሚገኙት ወንድም ፊልጶስ መታገሥ አቅቷቸው ወደ ኩሽና ገቡና በጭልፋ ቀመሱ። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸውን እንደምንም አስተካክለው፣ «ኤልፍዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ጨው ብቻ ነው ያነሰው» አሉ። አቶ ወንዳፍራሽ ይህን ታሪክ ባወሩ ቁጥር ከወንበራቸው እስኪወድቁ ይስቁ ነበር። ወንድም ፊልጶስም በመልካም ፈቃዳቸው ዛሬ እንዲነበብ ፈቅደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው በቻምብሊ የራሳቸውን ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሎረንስቪል ቤት ገዝተው ገቡ። ሣጥን ይዘው ከሩቅ የሚመጡ ደንበኞች ነበሯቸው። የጂቫን ሕግም በሱቃቸው ተከብሮ ኖረ። ባለቤት የሆነ ሁሉ የመጨረሻዋን ቁራጭ ራሱ ሳይገጥም ሣጥኑን አይወስድም። አንዳንዶቹ ይፈሩ ነበር፤ አንዳንዶቹ እናታቸውን አስታውሰው ያለቅሱ ነበር። አቶ ወንዳፍራሽ አጠገባቸው ቆመው፣ «አይዞህ፣ ቦታዋን ታውቀዋለች» ይላሉ፤ ይህንንም በእንግሊዝኛ ሲሉት ያው በአማርኛ ዜማቸው ነበር።

አቶ ወንዳፍራሽ ለልጆቻቸው ገርና አፍቃሪ አባት ነበሩ። አንድ ነገር ላይ ግን ፈጽሞ አይበገሩም፤ ልጆቻቸው ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ እንዲቀመጡ አይፈልጉም ነበር። በረከት ነገሩ ብዙም አልከበደውም። ኤልዳና ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወረንጦውን እያነሳች ጥቃቅኖቹን ቅጠሎች በየመልካቸው መደርደር ትወድ ነበር። አባቷ ወረንጦውን ቀስ አድርገው ከእጇ ይወስዱና፣ «ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም የኔ ልጅ። እኛ የመጣነው አንቺ እንድትማሪ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ የመጨረሻዋን ቁራጭ ገጥማ ስትወጣ ኤልዳና በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትሰጣለህ። ለኔ ግን አንድ ቁራጭ እንኳ የለህም፣ ዳዲ» አለቻቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ወረንጦውን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ጂቫን «ዛሬ አንተ» ብለው ቁራጭ የሰጧቸው ቀን ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩትን እንደወሰነ ያውቁ ነበር፤ ልጃቸው በአቧራና በሙጫ ሽታ ውስጥ እንድትኖር አልፈለጉም። ኤልዳናም ከዚያ በኋላ ሱቁን መርገጥ አቆመች። በትምህርቷ በርትታ የጥርስ ሐኪም ሆነች፤ የአባቷ ደስታ ወሰን አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 አቶ ወንዳፍራሽ የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አካሄዳቸው መለወጡን፣ ድምፃቸው መድከሙን በጸጋ ተቀበሉት። የከበዳቸው ሌላ ነበር። «ጂቫን ለኔ ሰጠ። እኔ ለማን ሰጠሁ?» እያሉ ባለቤታቸውን ይጠይቁ ነበር። ለልጃቸው ራሳቸው የዘጉትን በር እንዴት እንደሚከፍቱት ጨነቃቸው።

በ2023 መጸው፣ ሱቁን ለመዝጋት ባሰቡበት ወቅት፣ ወ/ሮ ኮኪላ የተባሉ ከሕንድ አገር ከጉጃራት የመጡ የዱሉዝ ነዋሪ አንድ ሣጥን ይዘው መጡ። ቤታቸው ምድር ቤት ውሃ ገብቶበት የአያታቸው የሠርግ ሣጥን ርሶ ነበር። ክዳኑ ተጣሟል፣ የብር ማዕዘኖቹ ለቀዋል፣ የረገፉትን የአጥንት ቅጠሎች ደግሞ በፕላስቲክ ከረጢት ይዘዋቸዋል። በሚቀጥለው ሜይ የልጅ ልጃቸው ልታገባ ነው፤ ሣጥኑ የሷ ነው። አቶ ወንዳፍራሽ ከጂቫን በለመዱት ጉጃራቲ «ኬም ቾ» ብለው ደኅንነታቸውን ጠየቋቸው። ወ/ሮ ኮኪላ በደስታ እጃቸውን ጨበጡ፤ የአቶ ወንዳፍራሽ እጅ እንደሚንቀጠቀጥም ያኔ አወቁ። አቶ ወንዳፍራሽ ሌላ ባለሙያ እንዲፈልጉ ቢለምኗቸው፣ «እንግዲህ ይዤው አልመለስም። እንዴት እንደሚሆን እርስዎ ያስቡበት» ብለው ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ።

አቶ ወንዳፍራሽ ሣጥኑን ወደ ቤት ወስደው ጋራዥ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ኤልዳና አንድ ቅዳሜ ወላጆቿን ለመጠየቅ ስትመጣ፣ አባቷ በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን ይዘው አንዲት ቅጠል ቦታዋ ላይ ለማሳረፍ ሲታገሉ አየች። ቅጠሏ ወደቀች። ኤልዳና ጎንበስ ብላ አነሳቻት።

«ስጠኝ፣ ዳዲ» አለች።

«ይሄ እኮ ሣጥን ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ጥርስ ስሞላ ነው የምውለው። ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ሰው ሲያመው ይጮሃል። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሰነጠቀው» አሉ አባቷ። ቀጥለውም ከወንበራቸው ተነሡና ለሷ ለቀቁላት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። ኤልዳና ለጥርስ የምትጠቀምበትን ማጉያ መነጽር አድርጋ ትሠራለች፤ አቶ ወንዳፍራሽ ጎኗ ተቀምጠው ይመራሉ። እንደ አባትና ልጅ ብዙ ተከራክረዋል። አንዱን የብር ማዕዘን ወልውላ እንደ አዲስ ስታበራው፣ «አያትየዋን የልጅ ልጅ አደረግሻት እኮ» ብለው ቀለዱባት። ከሁሉ የከረረው ክርክር ግን በሙጫው ላይ ነበር። ኤልዳና ከክሊኒኳ ማጣበቂያ ይዛ መጥታ፣ «ይሄን ብናደርግበት መቼም አይለቅም» አለች። አቶ ወንዳፍራሽ ያንን ከቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራውን፣ ሲሞቅ የሚሸተውን ሙጫ ወደሷ አስጠጉላት። «መልቀቁ ነው የሚፈለገው። ነገ ሌላ ሰው ሲጠግነው በሙቀት እንዲከፍተው። ከኛ በኋላ ማንም አይመጣም ያለሽ ማነው?» አሏት። ኤልዳና ማጣበቂያውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ወ/ሮ ኤልፍነሽ እንደሚሉት፣ አባትና ልጅ በእነዚያ ወራት ያወሩትን ያህል በሙሉ ዕድሜያቸው አላወሩም።

በኤፕሪል 2024 ከቁልፉ ቀዳዳ በታች ከምትገባው አንዲት የቅጠል ቁራጭ በቀር ሣጥኑ አለቀ። አቶ ወንዳፍራሽ፣ «በይ ሙሽራዋን ጥሪያት» አሉ። ኤልዳና ግን ስልኳን አላነሳችም።

«ሕጉ ሌላ እጅ ይግጠማት ነው አይደል የሚለው?»

«አዎ።»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላው እጅ ያንተ ነው። ሙሽራዋን እኔ አስረዳታለሁ።»

መድኃኒታቸው የሚሠራበትና እጃቸው ጥቂት ፋታ የሚያገኝበት ሰዓት እስኪደርስ ጠበቁ። ሰዓቱን የሚያውቁት ወ/ሮ ኤልፍነሽ ስለነበሩ እሳቸውም መጥተው ቆሙ። ኤልዳና ሙጫውን ቀብታ ቁራጯን በአባቷ ጣቶች መካከል አኖረች፤ እጃቸውን ግን አልያዘችላቸውም። እጃቸው ወዲያ ወዲህ እያለ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ቁራጯ ቦታዋን አገኘች፤ አቶ ወንዳፍራሽም በአውራ ጣታቸው ተጫኗት። ከድሬዳዋ ወዲህ በእጃቸው የገጠሟት የመጨረሻ ቁራጭ እሷ ብቻ ናት። ቅጠሏ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብላለች። ኤልዳና ልታቀናት ትችል ነበር፤ አላቀናቻትም። ወ/ሮ ኮኪላም ነገሩን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸውን ጣት ይዘው ቅጠሏን አስነኳት። ሣጥኑ በሠርጉ ቀን ከሙሽራዋ ፊት ነበር፤ አቶ ወንዳፍራሽና ቤተሰባቸውም ከዘመድ ተርታ ተቀምጠው ተጋበዙ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ወንዳፍራሽ የልብ ጭንቀታቸው ለቋቸው፣ ሕመማቸው እየጠና እንኳ ፊታቸው እየፈካ ሄደ። የቻምብሊው ሱቅ አልተዘጋም። ኤልዳና በሳምንቱ ቀናት ክሊኒኳ እየዋለች ቅዳሜ ቅዳሜ ትከፍተዋለች። ባለፈው ክረምት አባቷ አንድ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የእናቷ ሣጥን ተራ ደርሶት ነበር። ኤልዳና ትሠራለች፣ አቶ ወንዳፍራሽ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው በዐይናቸው ይከታተላሉ። ድምፃቸው በደከመበት ጊዜ ትክክል ከሆነ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ካልሆነ ያፈጣሉ፤ እሷም በዚሁ ትግባባቸው ነበር።

አቶ ወንዳፍራሽ በሕክምናና በቤተሰባቸው ፍቅር ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በሎረንስቪል መኖሪያ ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው ዙሪያቸውን ከቦ እየዘመረ፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄዱ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኤልፍነሽ ደምሴን፣ ልጆቻቸውን በረከትንና ዶ/ር ኤልዳናን፣ የልጃቸውን ባለቤት ናትናኤልን፣ የልጅ ልጃቸውን ሚካኤላን፣ እንዲሁም በኢትዮጵያና በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ ዘመዶችንና ወዳጆችን ትተውልናል። ወ/ሮ ኮኪላና ቤተሰባቸውም ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል።

የወ/ሮ ኤልፍነሽ ሣጥን ባለፈው ቅዳሜ አልቋል፤ የቀረችው አንዲት ቁራጭ ናት። ለማን እንደሆነች ጥያቄ የለውም። የሣጥኑ ባለቤት ወ/ሮ ኤልፍነሽ ናቸው። ኤልዳና ሙጫውን ላሙቅ ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ እሱን በክብር እንሸኘው። ይህን ያህል ዘመን የጠበቅኩ ሴት አንድ ቀን ብጨምር ምን እሆናለሁ? ደግሞ ሽታውን ዛሬ አልችለውም» ብለው ከለቅሷቸው መሐል አሳቋት። ከቀብር መልስ ሎረንስቪል ቤታቸው ስንሰበሰብ ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ይሆናል፤ ሙጫውም ይሞቃል። ሽታው ለሚደርሳችሁ ወዳጆቻችን፣ ቅቅል እንዳይመስላችሁ ቤተሰቡ ከወዲሁ ያሳስባል።

የሰው እጅ ጀምሮ የሚተወውን በራሱ እጅ የሚፈጽም አምላክ የአባታችንን ነፍስ በማረፊያዋ ያኑርልን። ለወ/ሮ ኤልፍነሽ እጅ ብርታትን፣ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።